ብርድ ፍለጋ

ብርድ ልብሱ የሠርጋችን ስጦታ ነው። ያመጡልን ባሌ ያዕቁብ ሥራ የለመደባቸው የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ቀይና ጥቁር፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያጥፈው። እስቲ አስቡት፤ አፋር ውስጥ፣ ከአዋሽ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ የከባድ መኪና መንገድ ዳር ለሚኖሩ ሙሽሮች! እናቴ ገልጣ አየችውና «ምነው ምድጃም ጨምረው ባመጡላችሁ!» ብላ ሠርገኛውን ሁሉ አሳቀችው። እኛ ዘንድ ሙቀቱ ሲብስ አንሶላ ውሃ ነክረን ነው የምንተኛው። ብርድ ልብሱ ናፍታሊን ተደርጎበት ሳጥን ገባ፤ ስንት ዓመት እዚያው ተቀመጠ።

ያዕቁብ ግን አልረሳውም። ባሌ ጎሚስታ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ አስፋልት ዳር ተንበርክኮ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍ፣ ነፋስ ሲሞላ ይውላል። እኔ ከጎኑ ሻይ ቤት አለችኝ። እሱ አስፋልት ላይ፣ እኔ ምድጃ አጠገብ፤ ማታ ስንገናኝ ሁለታችንም የተጠበስን ነን። ሙቀቱ አላስተኛ ሲለው ሳጥኑን በእግሩ መታ መታ ያደርግና፣ «ኡሙሀኒ፣ ይህን ለብሼ አንድ ቀን ካልተኛሁ ወንድ አይደለሁም» ይለኛል።

«ማን ከለከለህ? ልበሰውና ተኛ። ጠዋት ቀልጠህ አገኝሃለሁ።»

«እዚህ አይደለም እንጂ! ብርድ ያለበት አገር ሄደን። እኔና አንቺ ብቻ። ጎማ የለ፣ ሻይ የለ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን እስኪረፍድ መተኛት!»

ሰው ዱባይን ይመኛል፤ የኔው ሰውዬ መንቀጥቀጥ ይመኛል።

እናቱ የአልዩ አምባ ሰው ነበሩ። በልጅነቱ እዚያ ሲከርም፣ ከላዩ ያለውን የአንኮበርን ተራራ ቀና ብሎ እያየ ነው ያደገው፤ ጭጋጉን ያያል፣ ወጥቶበት ግን አያውቅም። ስልኩ ላይ ደግሞ የዘንድሮ ጎረምሶች እዚያ ጭጋግ ውስጥ ቆመው ሲሳሳቁ የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። እሱን እያየ ይተኛል፣ እሱን እያሳየ ይቀሰቅሰኛል። ዘንድሮ ኅዳር ሲገባ ተሸነፍኩ። «በቃ፣ እንሂድና ይውጣልህ!» አልኩት። ወላሂ፣ ያ ሁሉ ሰውዬ ቤቱ ውስጥ ዘለለ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኛ አገር ወባ እንግዳ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ኩሬው ሲቀር በየቤቱ አንድ ሰው ይተኛል። ስለዚህ ሁላችንም ሐኪም ነን። ሰው አፌ መረረኝ ካለ አለቀ፣ ወባ ነው፤ አንሳሳትም። ኪኒኑንም እንደ ስኳር እንዋዋሰዋለን። ከመንገዳችን ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ያዕቁብን ይዞት ነበር። ተመረመረ፣ ኪኒን ተሰጠው፣ በማግስቱ ላቡ ወጣ፣ በላ፣ ተነሥቶ ወደ ጎማው ሄደ። የተረፈውን ኪኒን ለጎረቤታችን ለጁወይሪያ ሰጣት፤ እሷም በዚያው ሰሞን ተኝታ ነበር። እንዲህ ነው የሚደረገው። አንድ ፓኬት ሁለት ሰው ያነሣል፤ የዳነ ሰው ኪኒን እየዋጠ ምን ይሠራል? ነርሶቹ «ጨርሱት እሺ?» ይላሉ፣ እኛም «እሺ» ብለን እንወጣለን።

ሐሙስ ጠዋት ሻይ ቤቱን ዘጋሁ። ያዕቁብ የሥራ ልብሱን ጥሎ ሸሚዝ ለበሰ፣ ፂሙን ተላጨ፣ ብርድ ልብሱን ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ አሰረውና ሚኒባሱ ውስጥ እግሩ ሥር አደረገው። የአፋር ክልል አልቆ የአማራ ክልል ሲጀምር ኬላ አለ፤ ገመድ ተወጥሮ መኪና ይፈተሻል። ከቆላ ወደ ላይ የሚወጣ ማዳበሪያ መቼም ኮንትሮባንድ ነው የሚመስለው። ጠባቂው፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ሳቂታ ሰው፣ «ፍታው» አለ። ተፈታ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ብርድ ልብስ» አለ ያዕቁብ፣ ኩራቱ።

«ከቆላ ወደ ደጋ? እዚያ ላይ ብርድ ልብስ አልቋል ተባለ?»

«የራሴን ለብሼ ልተኛ ነው የምሄደው። ዕረፍት ነኝ።»

ጠባቂው በሳቅ ሞተ። ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። «ሂድ፣ ሂድ፣ ስትመለስ ታወራልኛለህ» ብሎ ገመዱን አወረደልን። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስከ አልዩ አምባ ድረስ በኛ ሲስቅ ሄደ፤ ያዕቁብም አብሯቸው ይስቃል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

አልዩ አምባ የአክስቱ ልጅ አብዱልጀሊል ምሳ አበላን። በርበሬና ጫት የሚነግድ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። «እዚህ አትቀመጡም እንዴ፣ እዚያ ላይ ምን አላችሁ?» አለን። ያዕቁብ ማዳበሪያውን አሳየው። «እንግዲያው ካስቸገራችሁ ደውሉ፣ ወጥቼ አወርዳችኋለሁ» አለ አብዱልጀሊል። ያዕቁብ ምሳውን አልጨረሰም። ከጉዞ ነው አልኩ። የሚቀጥለው መኪና ሽቅብ ሲጠማዘዝ ጃኬቱን ለበሰ። ከብርዱ ነው አልኩ፤ እኔም ነጠላዬን ደርቤ ነበርና።

አንኮበር ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ያረፍነው እትዬ እናናየሁ የሚባሉ ባልቴት ቤት ነው፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ለእንግዳ የሚያከራዩዋቸው ሁለት ክፍሎች አሏቸው። ደግ ሰው ናቸው። ገና ሳንቀመጥ እሳት ያለበት ማንደጃ አስገቡልን። ጎረቤታቸው ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌ፣ ቆለኛ ሊያዩ መጡ። የያዕቁብ ጥርስ ይንገጫገጫል። ያዩትና፣ «አዬ ቆለኛ! ገና በኅዳሩ? ታኅሣሥን ብታየው ምን ልትሆን ነው!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

ልብ በሉ፤ እኔም እንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ እናናየሁም እጃቸውን እሳቱ ላይ ያሻሻሉ። እዚያ አገር የማይንቀጠቀጥ የለም። እኛ ቤት ሰው አንዴ ቢንቀጠቀጥ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ ያኔውኑ ይዘነው እንሮጣለን። አንኮበር ላይ ግን የሱን መንቀጥቀጥ ከኔ በምን ልለየው?

ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ስንዘረጋው ናፍታሊኑ አፍንጫችንን ቆረጠው። ያዕቁብ እስከ አገጩ ገብቶ ዓይኑ ብቻ ቀረ። «ኡሙሀኒ» አለ፣ «ይኸው። ወንድ ነኝ አይደለሁም?» «ወንድ ነህ፣ አሁን ተኛ» አልኩት። አጠገቡ ገባሁ። ትኩስ ነው። አልሃምዱሊላህ፣ ብርድ ልብሱ ሠራ አልኩ።

አርብ ጠዋት ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጣች። እትዬ እናናየሁ ደጃፋቸው ላይ አግዳሚ አውጥተው አስቀመጡን። ቆላው በሙሉ ከእግራችን ሥር ተዘርግቷል፤ ጭልጥ ያለ፣ አቧራማ፣ መጨረሻ የሌለው። ያዕቁብ ቁልቁል አየውና፣ «እዚያ ውስጥ ነው እኮ የምንኖረው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ። አያሳዝንም?» አለኝ። ሻይ መጣ። ስኳር ጨመረ፣ ቀመሰ፣ ደግሞ ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ። እኔ ሻይ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ባሌ ስንት ማንኪያ እንደሚጠጣ አውቃለሁ። «ሰውዬ፣ ሽሮፕ ልታደርገው ነው?» አልኩት። «ዕረፍት ነኛ!» አለ።

ቀትር ላይ እትዬ እናናየሁ ቀይ ዶሮ ይዘው መጡ። «መቼም የኛን ሥጋ አትበሉም። እናንተው ባርካችሁ እረዱልኝ፤ ድስቱም አዲስ ነው፣ ምንም አልነካውም» አሉ። አንጀቴን በሉኝ። ያዕቁብ ቢላውን ተቀበለ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዞረ፣ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አለ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ቢላው ሳተ። ደግሞ ሞከረ። ዶሮዋ ግማሽ ታርዳ ክንፏን አራገበች፣ ሸሚዙ ላይ ደም ረጨች። በሦስተኛው ነው የሆነለት። ጋሽ ወልደተንሣኤ ከአጥሩ ማዶ፣ «ኧረ ዶሮዋ ራሷ በብርድ ትሙት፣ ተዋት!» ብለው ሳቁ። እትዬ እናናየሁም ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ያዕቁብ ለዒድ ለሰባት ጎረቤት የሚያርድ ሰው ነው፤ አንዴ ነው የሚያሳርፈው። እንስሳ ማሠቃየት ኃጢአት መሆኑን ከኔ ይልቅ እሱ ነው የሚያውቀው። ደግሞ የቆመው ፀሐይ ላይ ነው። የኔ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ እሱ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ነገር ገባኝ።

ክፍላችን አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ። «አፍህ መሯል?»

«ምን አፍ?»

«ያዕቁብ፣ አታሹፍብኝ። አፍህ መሯል አልመረረም?»

«አልመረረኝም ሴትዮ!»

«ወላሂ በል።»

አልማለም። ያዕቁብ ይቀልዳል፣ ያጋንናል፣ ደንበኛ ላይ ትንሽ ይዋሻል፤ በአላህ ስም ግን በሐሰት አይምልም። ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረና፣ «ተይኝ ልዝናናበት። በዕድሜዬ አንዴ ነው» አለ። ግንባሩን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ብርድ ልብሱ ያሞቀው መስሎኝ ነበር እኮ!

ወደ ከተማዋ ሮጥኩ። ጤና ጣቢያው አርብ ከሰዓት ሰው ተበትኖበት ደረስኩ፤ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት፣ «የወባ? እህቴ፣ እዚህ ብርድ ላይ የወባ ማን ይገዛኛል ብዬ አመጣለሁ? የሳል ነው ያለኝ። ታች አልዩ አምባ አለ፤ እነሱ ሁሌም አላቸው። ነገ በመጀመሪያው መኪና ውረዱ» አለችኝ። የዚያን ቀን የመጨረሻው መኪና ወጥቷል። ማስታገሻ ገዝቼ ተመለስኩ።

ያዕቁብን ልብሱን ይዤ ነው የጮህኩበት። ከመቼ ጀምሮ ነው? ከቤት ስንወጣ መሮት ነበር? «ነገ እንወርዳለን፣ እሺ። ዛሬን ብቻ ስጪኝ» አለ። እትዬ እናናየሁ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ወባ ነው አልኳቸው። «ወባ? ኧረ ልጄ፣ ብርድ ነው የመታው! ወባ እዚህ አይወጣም» አሉ፣ ከልባቸው። የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። ፌጦ በሎሚ አሽተው አጠጡት፣ ደረቱን ቀቡት፣ የራሳቸውን ጋቢ ጨመሩበት፣ የልጃቸውን ብርድ ልብስ ጨመሩበት፣ መስኮቱን በጨርቅ ወተፉት። እኔ እገልጠዋለሁ፣ እሳቸው ይሸፍኑታል። ሲነጋ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ሥር ያዕቁብ ያቃስት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ተዘግቷል ተባለ። ማን ዘጋው አይባልም፤ ተዘጋ ነው የሚባለው። መኪና የለ፣ ባጃጅ የለ፣ ሱቅ የለ፣ ቢሮ የለ፤ ጤና ጣቢያውም ዝግ ነው። ወደ ደብረ ብርሃንም አይወጣም፣ ወደ አልዩ አምባም አይወረድም። ሰው በየደጃፉ ቆሞ መንገዱን ያያል። ገብቼ ለያዕቁብ ልነግረው ስል ዓይኑ ተገልጧል፤ ግን እኔን አያየኝም። «ጓሮ በኩል አቁመው! ነፋስ ሙላው! ቸኩያለሁ ካልክ ራስህ ሙላው!» ይላል። ከሾፌር ጋር እየተጣላ ነው።

«ሰው ጥሩልኝ!» ብዬ እሪ አልኩ። መጀመሪያ የደረሱት ጋሽ ወልደተንሣኤ ናቸው። ገብተው አዩት፣ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። ከዚያ በኋላ አልቀለዱም። ወጥተው ሦስት ጊዜ ተጣሩ፤ ሰው መጣ። አጠና ቆረጡ፣ ቃሬዛ አሰሩ። እዚያ አገር ድሮም፣ መኪና ሳይመጣ፣ በሽተኛና ወላድ የሚወርደው እንዲህ ነው አሉኝ። የላዩ ሰው ቁልቁለቱ ወገብ ላይ እስካለው ዋርካ ድረስ ያወርዳል፤ ከዋርካው የታቹ ሰው ይረከባል። ላዩ ክርስቲያን ነው፣ ታቹ እስላም፤ ዋርካው ላይ ይገናኛሉ። እኔ ለአብዱልጀሊል ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ያዕቁብን እያወረድነው ነው፣ ዋርካው ጋ!» ብዬ ብቻ ጮህኩ። ተቋረጠ።

ቃሬዛው ላይ አስተኙትና ብርድ ልብሳችንን አለበሱት፤ ቀዩን፣ የሠርጋችንን። ንፋስ እንዳይመታው ብለው ፊቱን ጭምር ሸፈኑት። «ይታፈናል!» አልኩ። «ኧረ የኛ እመቤት፣ በሽተኛ ፊቱ ተገልጦ አይወርድም፤ ጧ ነው የሚያደርገው» አሉኝ። ደገኛ ነፋስ ይፈራል። እኛ ደግሞ የምንፈራው ሌላ ነው። ግን ተሸክመውልኛል፤ ምን አፍ አለኝ? እየተፈራረቁ፣ እየተንሸራተቱ፣ «አይዞህ ወንድሜ» እያሉ ወረዱ። እኔ ከኋላ ባዶውን ማዳበሪያ ይዤ እከተላለሁ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። በየመታጠፊያው እየሮጥኩ ብርድ ልብሱን ከአፍንጫው ላይ እገልጣለሁ። አንዴ ስገልጠው አወቀኝ። «ኡሙሀኒ፣ ደረስን?» አለ።

«አፍህ መሮህ ነበር አይደል?»

«ከቤት ስንወጣ» አለ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «እንቀራለን ትዪኛለሽ ብዬ ነው።»

ልመታው ፈለግኩ። ወላሂ፣ ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው በጥፊ ልመታ ፈለግኩ። ከዚያ ፊቱን መልሰው ሸፈኑት።

ዋርካው ጋ ስንደርስ አብዱልጀሊልና የአልዩ አምባ ሰዎች ከታች ደርሰው ቆመዋል። እየተቃረብን ስንሄድ ኮፍያቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ። አብዱልጀሊል እጁን ፊቱ ላይ አሳርፎ፣ «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። እኛ ዘንድ ፊቱ ተሸፍኖ የሚመጣ ሰው የሞተ ሰው ነው። ቃሬዛው ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከብርድ ልብሱ ሥር የያዕቁብ ድምፅ፣ «ገና ነኝ። አትቸኩሉ» አለ።

ሁሉም ደነገጠ። አንዱ ሳቀና እዚያው ማልቀስ ጀመረ። አብዱልጀሊል ብርድ ልብሱን ከፊቱ ላይ መንጭቆ ጣለውና፣ «ምን አድርጋችሁት ነው እንዲህ የጠቀለላችሁት? ይኼ እኮ እሳት ነው! ወባ ነው እኮ!» ብሎ ደገኞቹ ላይ ጮኸ። የጋሽ ወልደተንሣኤ ትከሻ ቆስሎ ጋቢያቸው ላይ ደም ወጥቷል። ወደ ያዕቁብ ጎንበስ ብለው፣ «ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ። ስትድን ተመለስ፤ ዶሮዋን ራስህ ታርዳለህ፣ አልስቅም» አሉት። ከዚያ ሰዎቻቸውን ይዘው ሽቅብ ዞሩ።

ከዋርካው በታች አየሩ ይሞቃል። የታቹ ሰዎች ብርድ ልብሱን ሊያነሡለት ሲሉ ያዕቁብ ጠርዙን በሁለት እጁ ያዘ፤ ጣቱን መፈልቀቅ አቃታቸው። «ተዉት፣ ይያዝ» አልኩ። እየሮጡ ነበር የሚወርዱት።

የአልዩ አምባ ጤና ጣቢያ ክፍት ነበር። አንዲት ልጅ እግር ነርስ ገና በር ላይ ስታየው ነገሩን አውቃዋለች። ጣቱን ወጋች፣ ደሙን መመርመሪያው ላይ ጠብ አደረገች፤ እንድንጠብቅ እንኳ አላለችም፣ መስመሩ ወዲያው ወጣ። መርፌ አዘጋጀች፣ ደም ሥሩን ፈለገች፣ ጠፋባት፣ ሌላኛው ክንድ ላይ አገኘችው። እጇ ፈጣን ነው። እየሠራች ትጠይቀኛለች።

«ማንቀጥቀጥ የጀመረው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ማታ።»

«ቀድሞ ወባ ይዞት ያውቃል?»

«በቅርቡ።»

«ኪኒኑን ጨርሶት ነበር?»

«ግማሹን ጎረቤት ወሰደች።»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችኝም፤ በቀን ስንቱን እንደኔ ያለ እንደምታይ አላውቅም። «ከሐሙስ ወዲህስ ምን ሰጣችሁት?»

«ብርድ ልብስ።»

ያልሰማኋት መሰላት። «መድኃኒት ማለቴ ነው። ምን ሰጣችሁት?»

«ብርድ ልብስ ነው የሰጠነው» አልኳት።

መድኃኒቱ ገባለት። አብዱልጀሊል ውጪ ሰግዶ ተመለሰ። እኔ ራስጌው ተቀምጬ ክንዱን በእርጥብ ጨርቅ ሳብስ፣ ቤታችን በሙቀት ሌሊት እንደማደርገው፣ መንቀጥቀጡ ቆመ። ደስ አለኝ። «ተወው፣ በሽታው ተወው» አልኩ። ልጅቷ መጥታ አንገቱን ነካች፣ ደግሞ ነካች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ጣቶቹን ከብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች። አሁን እሺ አሏት። ለዐስር ሶላት አዛን ሲደረግ እኔ እዚያው ነበርኩ።

እናቱ አጠገብ ቀበሩት። በነጭ ከፈን፣ እንደማንኛውም ሰው። ብርድ ልብሱን ሰው ሁሉ እየዞረ ያየዋል፣ ማንም አይነካውም። አብዱልጀሊል «ለሰደቃ እንስጠው?» ብሎኝ ነበር። አይሆንም አልኩ። ያዕቁብ ያን ያህል ዓመት የጠበቀውን እንዴት ለማላውቀው ሰው እሰጣለሁ? ማዳበሪያው ውስጥ መልሼ ጠቀጠቅኩት።

መንገዱ ሲከፈት ዒዳዬን፣ ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ወራት፣ ቤቴ ልቀመጥ ተነሣሁ፤ አብዱልጀሊል ሊያደርሰኝ አብሮኝ ወረደ። ኬላው ጋ ሚኒባሱ ቆመ። ያው ጥርሰ ፍንጭቱ ጠባቂ ነው። አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ማዳበሪያውን ሲያየው ፊቱ በራ።

«ኧረ! የብርድ ልብሶቹ! ተኛችሁበት ታዲያ?»

አብዱልጀሊል ሊናገር አፉን ከፈተ። እጁን ያዝኩት።

«ተኛንበት» አልኩ።

«ባልሽስ የት አለ? ብርዱ ጥሞት እዚያው ቀረ?» ብሎ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡ ሰዎችም አብረውት ሳቁ።

«አዎ» አልኩት። «ቀረ።»

«ብልጥ ሰው ነው!» አለና ገመዱን አወረደው።

መኪናው ሲነሣ የቆላው ሙቀት በመስኮቱ ገባ። ማዳበሪያው ጭኔ ላይ ነው፤ ከባድ ነው፤ ጉልበቴን አላበው። አብዱልጀሊል ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል። እኔ አላለቀስኩም፤ እስከ ቤቴ ድረስ ያዕቁብን ስሰድበው ሄድኩ። አንተ ግብዝ፣ አንተ ደንቆሮ፣ አፌ መረረኝ ማለት ምን ይከብዳል? እንቀር ነበር፤ ሌላ ኅዳር እንሄድ ነበር። ደግሞም ባንሄድስ? እኔ ምድጃዬ አጠገብ፣ አንተ ጎማህ አጠገብ፣ እንዲሁ ተጠብሰን እንኖር አልነበረም?